ሰባ ሁለት ቦይ

ማቪስ ኦርተን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አንዲት ብሎን ሩብ ዙር በማዞሯ ሁለት ቀን ከሥራ ታግዳ ነበር።

ብሎኗ የካልሲ ማሽን ብሎን ነበረች። ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር 1969፣ ቦታው ሶርንቢ፤ ከሌስተር በስተምዕራብ ያለች፣ ያኔ አራት የካልሲ ፋብሪካ የነበራት ከተማ። በእነዚያ ፋብሪካዎች ሴቶች ማሽኑን ያሠሩታል፣ ወንዶች ይጠግኑታል። ደንቡን የጻፈው ሰው የለም፤ ከተጻፉት ሁሉ ይልቅ ግን የሚከበረው እሱ ነበር። ማሽኑ ሲተናነቅ ሴትየዋ ከላዩ ላይ ቀይ ጨርቅ ትሰቅልና እጇን አጣጥፋ መካኒኩን ትጠብቃለች። መካኒኩ ሻይ ላይ ከሆነ ሻዩን እስኪጨርስ ትጠብቃለች። የማቪስ ማሽን በዚያ ቀን ሲቆም ስድስተኛው ነበር፤ ብልሽቱን ደግሞ በድምፁ ታውቀዋለች። ከመሣሪያ ሳጥኑ ካቻቪቴ አነሣችና ብሎኗን ሩብ ዙር አጠበቀች። ማሽኑ ተነሣ፤ እሷ ታገደች።

ከዚያ በኋላ ማቪስ ቴሪ የሚባል የአውቶቡስ ሹፌር አገባች። ሁለት ሴት ልጆች አሳደገች። ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ ካልሲ ሠራች፤ ከተዘጋ በኋላ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ድንች ላጠች። ጡረታ በወጣች በሳምንቱ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ቶርኖ ገዛች። በዓመቱ ትንሽ ፍሬዛ ጨመረች። ቶርኖው ብረቱን እያሽከረከረ ይቆርጠዋል፤ ፍሬዛው ደግሞ ብረቱን አስሮ መቁረጫውን ያሽከረክራል፤ ሁለቱ ካሉህ ከሞላ ጎደል የማትሠራው ነገር የለም። ሁለቱንም በጓሮው ጥግ፣ ከቴሪ የባሮ ሽንኩርት መደብ አጠገብ ባለችው የእንጨት ክፍል ውስጥ ተከለቻቸው።

«ምን ልትሠሪበት ነው?» ሲሏት፣ «የፈለግኩትን ብሎን ላዞርበት» ትላለች።

በሶርንቢ መሐል የድሮ ካልሲ ሠሪዎች ይሠሩበት የነበረ አንድ የጡብ ቤት አለ። የከተማው ሰዎች በማኅበር ይጠብቁታል፤ እሑድ እሑድ ለጎብኚ ይከፈታል። እዚያ ውስጥ መቶ ዓመት ያለፈው፣ በእጅ የሚዞር የካልሲ ማሽን ነበር፤ እሑድ እሑድ ቁጭ ብላ የምታሠራው ማቪስ ነበረች። በ2017 ኅዳር፣ ቤቱ እንደ በረዶ በቀዘቀዘበት አንድ ጠዋት፣ እጀታውን ገና ሦስት ጊዜ ሳታዞረው ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማች። የማሽኑ ሲሊንደር ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ነበር።

ይህ ሲሊንደር ቁመቱ አንድ ስንዝር የማይሞላ የብረት ቱቦ ነው። በውጭ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ሰባ ሁለት ቀጫጭን ቦዮች ተቆርጠውበታል፤ በእያንዳንዱ ቦይ ውስጥ አንዲት ባለ መንጠቆ መርፌ ወደ ላይና ወደ ታች ትመላለሳለች። እጀታው ሲዞር መርፌዎቹ ተራ በተራ ብቅ ይላሉ፣ ክሩን ይይዛሉ፣ ይዘውት ይወርዳሉ፤ ከሥር ካልሲ እየረዘመ ይወጣል። ቦዮቹ እኩል ካልተራራቁ ካልሲው ሸርጣጣ፣ አንዱ መሥመር ጠባብ ሌላው ሰፊ፣ ይሆናል። መለዋወጫውን የሚሠራ ፋብሪካ ከጠፋ ሰማንያ ዓመት ሆኖታል።

ማኅበሩ በጥር ተሰበሰበ። ጸሐፊዋ ሮዝሜሪ፣ ንግግሯ የተቆጠበ፣ ማስታወሻዋ የማይዛነፍ ሴት ናት፤ ጉዳዩን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። «ማሽኑ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይገባል። ከፋሲካ በፊት ባለው ቅዳሜ መስታወቱ ይገጠማል፤ የፋሲካ ሰኞ ሰው ያየዋል።»

«ያየዋል?» አለች ማቪስ። «የካልሲ ማሽን እኮ የሚታየው ካልሲ ሲሠራ ነው። ሲሊንደሩን እኔ እሠራዋለሁ።»

ከጠረጴዛው ማዶ ክላይቭ ሃላም ሳቀ። ክላይቭ የከተማው የአነስተኛ ማሽን ሠሪዎች ክበብ ሊቀመንበር ነው፤ በጋራዡ ውስጥ ሰው የሚጎትት ትንሽ የእንፋሎት ባቡር ሠርቷል። ድሮ የማቪስ ፋብሪካ መካኒክ ነበር። ያቺን ብሎን ለአለቃ የተናገረውም እሱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንብ ሲጣስ ግን ያሳክከዋል።

«ሰባ ሁለት ቦይ በግምት አይቆረጥም፣ ዳክዬዬ» አላት። በሶርንቢ ሐኪሙም ሥጋ ሻጩም ሰውን ሁሉ ዳክዬዬ ነው የሚለው። «ደህና የክብ መከፋፈያ ያስፈልጋል።»

«መከፋፈያ አለኝ።»

«የቱ? በስልሳ ፓውንድ በፖስታ የመጣልሽ? እሱ እኮ የበር መደገፊያ ነው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ጥሩ ነዋ» አለች ማቪስ። «እንግዲያው ሲሊንደሬን ይዤ ስመጣ በሩን ከፍቶ ይይዝልኛል።»

ሮዝሜሪ ፈገግታዋን ዋጥ አድርጋ ጻፈች፦ እስከዚያች ቅዳሜ ካልዞረ፣ መስታወቱ ይገባል። አሥራ አንድ ሳምንት ነበር የቀረው።

የክብ መከፋፈያ ግሩም ዕቃ ነው፤ አሠራሩ አንዴ ከገባህ ሰው እንዴት ቀድሞ ሳያስበው ቀረ ያሰኛል። ከታች ጠፍጣፋ መሠረት አለው፤ ከላዩ በአግድም የሚዞር ዘንግ። የሚቆረጠው ብረት በዘንጉ ፊት ይታሰራል። በዘንጉ ኋላ ሰሐን የሚያህል ዲስክ አለ፤ በዲስኩ ዙሪያ በአሥር አሥር ዲግሪ ርቀት ሠላሳ ስድስት ቀዳዳ ተበስቷል። ፒኗን በዲስኩ ቀዳዳ አሳልፈህ ከጀርባ ባለው በማይንቀሳቀሰው አካል ቀዳዳ ውስጥ ስትሰካ ዘንጉ ይቆለፋል። አንድ ቦይ ትቆርጣለህ፣ ፒኗን ትነቅላለህ፣ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ታዞራለህ፣ ትሰካለህ፣ ትቆርጣለህ። ከአሥር ዲግሪ ያነሰ እርምጃ ለሚፈልግ ደግሞ አካሉ ላይ ያለው ቀዳዳ አንድ ብቻ አይደለም፤ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ቁጥር የተጻፈባቸው አሥር ቀዳዳዎች አሉ። ፒኗን ከዜሮዋ አውጥተህ በአምስቷ ብትሰካ፣ ሁሉም ነገር አምስት ዲግሪ ፈቀቅ ይላል።

ሙሉው ክብ ሦስት መቶ ስልሳ ዲግሪ ነው፤ ለሰባ ሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ቦይ አምስት ዲግሪ ይደርሰዋል። ስለዚህ የማቪስ ዕቅድ አጭር ነበር። መጀመሪያ በዜሮዋ ቀዳዳ ሙሉ ዙር ዞራ ሠላሳ ስድስት ቦይ ትቆርጣለች። ከዚያ ፒኗን ወደ አምስቷ ታዛውርና በሁለተኛው ዙር በመካከላቸው ሌላ ሠላሳ ስድስት።

ግን ርካሽ ዕቃ እንደ መጣ አይሠራበትም። ፋብሪካው ግማሹን ሥራ ለገዢው ትቶለታል፤ የዋጋው ምስጢርም እሱ ነው። ማቪስ መከፋፈያውን እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈታችውና በነጭ ጋዝ አጠበችው። ከውስጡ አሸዋ ወጣ፤ ብረቱ ቀልጦ የፈሰሰበት ቅርጽ አሸዋ።

ቴሪ በበሩ ብቅ አለ። «እኔ እንኳ ለልጃችን ሠርግ እንደዚህ አልታጠብኩም።»

«አንተ በማይክሮሜትር አትለካማ።»

መሠረቱን በወፍራም መስታወት ላይ ስታስቀምጠው እንደ አንካሳ ጠረጴዛ ተወዛወዘ። መስታወቱን በሰማያዊ ቀለም ስስ አድርጋ ቀባችው፣ መከፋፈያውን አስቀምጣ አነሣችው፤ ቀለም የነካው ቦታ ጎላ ያለው ነውና እሱን ብቻ በሞረድ ላገችው። ቀባች፣ አስቀመጠች፣ ላገች። በሦስተኛው ቀን ሰማያዊው በመሠረቱ ሁሉ ላይ እኩል ተረጨ፤ ስትገፋው እንደ ድንጋይ ጸና። ያን ቀን ለብቻዋ አጨበጨበች።

ቀጥሎ ዘንጉ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የወረቀት ውፍረት ያህል ይንሸራተት ነበር። ከነሐስ ቀጭን ሮንዴላ ሠርታ ከኋላ አስገባችና ክፍተቱን ዘጋች። ከዚያ ፒኗ፤ በቀዳዳው ውስጥ እንደ ላላ ጥርስ ትነቃነቃለች። ቀዳዳዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ በማስተካከያ አልፋ ወደ አንድ ልክ አመጣቻቸውና ለእነሱ የምትሆን አዲስ ፒን በቶርኖ አወጣች። አዲሷ ፒን ስትገባ እንደ ጠርሙስ ክዳን ‹ፕፍ› ብላ አየር ታስወጣለች። በመጨረሻም የሲሊንደሩ ነፃ ጫፍ በመቁረጫው ግፊት እንዳይንቀጠቀጥ፣ ከወፍራም የማዕዘን ብረት ከወዲያኛው ጫፍ የሚደግፈው ባላ ሠራችለት።

ለሲሊንደሩ የሚሆነውን ብረት ያገኘችው ከተዘጋው ፋብሪካ ሲወጣ ካስቀመጠችው አሮጌ ሮለር ነው። ሁለት ሲሊንደር ይወጣዋል፤ ሦስተኛ የለም። የመጀመሪያውን በቶርኖ አውጥታ በመከፋፈያው ላይ አሰረችው፤ በየካቲት መጨረሻም መቁረጥ ጀመረች። አንደኛው ዙር ሁለት ቀን ፈጀ። ስትለካው በቦዮቹ መካከል ያለው ርቀት ሠላሳ ስድስቱም ላይ አንድ ነበር፤ አንዲት ፀጉር ልዩነት የለም። ፒኗን ወደ አምስቷ አዛውራ ሁለተኛውን ዙር ቀጠለች።

ስትጨርስ መለኪያው ካሊፐር እንኳ አላስፈለጋትም። በሁለት ቦዮች መካከል የሚቀረውን የብረት ግድግዳ በዓይኗ ታየዋለች፤ አንዱ ወፍራም፣ ቀጣዩ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም፣ ቀጣዩ ቀጭን። ወፍራሙ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል፣ ቀጭኑ ሩብ ሚሊ ሜትር ጎድሎት። በዚህ ሲሊንደር የሚሠራ ካልሲ የሜዳ አህያ ይመስላል።

ክላይቭ ይህን ከቴሪ ሰምቶ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሲሊንደሩን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ያዘው። ማቪስ ሻይ አቀረበችለት፤ በዚያ አገር ጠላትም ቢሆን ሻይ አይከለከልም።

«ዲስኩ ነው» አለ ክላይቭ። «ቀዳዳዎቹን በዘፈቀደ ነው የበሱት። ምን አልኩሽ?»

«በሩን ይደግፋል አልከኝ።»

«ስሚኝ፣ ዳክዬዬ። እኔ ጋ የአሥራ አምስት መቶ ፓውንድ መከፋፈያ አለ። የቀረችሽን ብረት ስጪኝና በሁለት ቀን እቆርጥልሻለሁ።»

«አውሰኝና እኔ ልቁረጠው።»

«እሱማ የክበቡ ደንብ አይፈቅድም። ከእጄ አይወጣም። አንቺ መጥተሽ ማየት ትችያለሽ እኮ! ሻይ እናፈላለን።»

ማቪስ ሲሊንደሩን ከእጁ ተቀበለችው። «ክላይቭ፣ አንተን ተቀምጬ እየጠበቅኩ ሻይህን ስትጨርስ ስንት ዓመት አየሁህ? ሃያ ሦስት ዓመት። በቃኝ። ይልቅ ያሁኑን ጨርስና ሂድ፤ ሥራ አለብኝ።»

እሱ ከሄደ በኋላ ቴሪ ባሮ ሽንኩርቱን እየኮተኮተ ቆየ፤ ኋላ ኮትኳቹን እንደያዘ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። የማያስቀው ነገር ሲኖር ድምፁ ዝቅ ይላል።

«ማቪስ፣ ማሽኑ እንዲዞር ነው አይደል የምትፈልጊው? ይቁረጠው። ማን ቆረጠው ብሎ ካልሲውን የሚጠይቀው የለም።»

«እኔ እጠይቀዋለሁ።»

«ብረቱ እኮ አንድ ነው የቀረሽ። እሱን ካበላሸሽ ማሽኑ መስታወት ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ ለዘላለም። በእልህሽ ልታስገቢው ነው?»

ቴሪ ልክ ነበር። ብረቷን ለክላይቭ ብትሰጥ ማሽኑ በእርግጥ ይዞራል። ሲበላሽ ግን እንደገና ቀይ ጨርቅ መስቀል ነው። ካልሰጠችው ደግሞ አንዲት ስህተት ይበቃል። ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ የተበላሸውን ሲሊንደር በጉልበቷ ላይ አዞረችው። ወፍራም፣ ቀጭን፣ ወፍራም፣ ቀጭን።

እና በድንገት ቀጥ አለች።

ክላይቭ ዲስኩ ነው አላለም? ዲስኩ ቀዳዳዎቹ በዘፈቀደ የተበሱበት ቢሆን ስህተቱም በዘፈቀደ ይመጣ ነበር፤ እዚህ ትንሽ፣ እዚያ ብዙ፣ ሌላው ጋ ምንም። ይሄኛው ግን እንደ ወታደር ሰልፍ የተስተካከለ ነው። ሠላሳ ስድስቱም የሁለተኛ ዙር ቦዮች ወደ አንድ ጎን፣ በአንድ መጠን ነው ፈቀቅ ያሉት። በሁለተኛው ዙር ደግሞ የተለወጠ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ፒኗ ከዜሮዋ ወደ አምስቷ መሄዷ። ዲስኩ ንጹሕ ነው! ያበላሸችባት አካሉ ላይ ያለችው አንዲት ቀዳዳ ናት፤ የአምስቷ፤ የተበሳችው የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ከቦታዋ ርቃ።

«ቴሪ!» ብላ ጮኸች። «ጥፋተኛዋ አንዲት ቀዳዳ ናት!»

«እግዚአብሔር ይርዳት» አለ ቴሪ ከመደቡ።

ስህተት አድራሻ ካለው የሚፈራ ነገር አይደለም። ችግሩ ብረት ላይ የተበሳ ቀዳዳ ተነቅሎ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ወዲያ አይተከልም። ማቪስ ሁለት ቀን አሰበች፤ ከዚያ ያደረገችው እንዲህ ነው። የአምስቷን ቀዳዳ አስፍታ በሳቻት። በሰፋችው ቀዳዳ ልክ ከነሐስ አጭር ቱቦ ሠራች፤ የቱቦውን ቀዳዳ ግን መሐሉ ላይ አልበሳችውም፤ ሆን ብላ ትንሽ ወደ ጎን አደረገችው። እንዲህ ያለ ቱቦ በቦታው ላይ ሲዞር በውስጡ የተሰካችው ፒን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ በጣም በጥቂቱ ትሄዳለች። እንግዲህ የአምስቷ ቀዳዳ መሪ አገኘች ማለት ነው። ልክ ቦታው ሲገኝ ቱቦው በአንዲት ትንሽ ብሎን ይቆለፋል።

ልክ ቦታውን ማን ይነግራታል? አሥራ አምስት መቶ ፓውንድ መሣሪያ የላትም፤ ቢሆንም መከፋፈያው ራሱ ይነግራታል። ከአሉሚኒየም አንድ ወፍራም ዲስክ ሠራች። በጠርዙ ላይ በሁለት ዙር ሰባ ሁለት የማይጠልቁ ጭረቶች ቆረጠችና ሁለት ተከታታይ ግድግዳዎችን ለካች። ይሄኛው ይወፍራል፣ ያኛው ይቀጥናል፤ ልዩነታቸውን ለሁለት ብትከፍለው የሚቀረው ፒኗ የሳተችው መጠን ነው። ቱቦውን በዚያ ልክ አዞረችው። ዲስኩን ቶርኖ ላይ አስራ የቆረጠችውን ልጣ አጠፋችውና እንደገና ጀመረች። ሁለተኛው ሙከራ ልዩነቱን በግማሽ ቀነሰው። ሦስተኛው አልፎ ሄደ፤ ቀጭኑ ወፍራም ሆነ። ሳቀች፤ አልፎ ከሄደ ቦታው በመሐል ነው። በሰባተኛው ሙከራ ማይክሮሜትሯ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ልዩነት ማግኘት አቃታት። ብሎኗን አጠበቀች፤ ዲስኩ ከጀመረበት በአውራ ጣት ውፍረት አንሶ ነበር።

የመጨረሻዋን ብረት ያሰረችው ፋሲካ ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ነው። በየዙሩ የማትፈልጋቸውን ዘጠኝ ቀዳዳዎች እጇ እንዳይሳሳት በነጭ ፕላስተር ሸፈነቻቸው። በአንደኛው ዙር ዜሮዋ ብቻ ክፍት፤ በሁለተኛው ዙር አምስቷ ብቻ። ስልኩን ዘጋች። ከእያንዳንዱ ቦይ በኋላ በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጭረት ታደርጋለች፤ ቴሪ ሻይ ሲያመጣ ጭረቱ እስኪደረግ በሩ ላይ ቆሞ መጠበቅ ግዴታው ነበር።

«ስንት ደረስሽ?»

«አታናግረኝ።»

«ስንት አልኩ እንጂ ታሪክ ንገሪኝ አላልኩ።»

«ሃምሳ አንድ። አሁን ውጣ።»

ሰባ ሁለተኛውን የቆረጠችው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነበር። አርብ ዕለት የቦዮቹን ጠርዝ አለሰለሰች፣ አጠበች፣ በዘይት አሸች።

ቅዳሜ ጠዋት በጡብ ቤቱ ውስጥ መስታወቱ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃል። ሁለት መስታወት ገጣሚዎች ሣጥኑ አጠገብ ቆመው በአሳማ ሥጋ የተሞላ ፓይ ይበላሉ። ሮዝሜሪ ማስታወሻዋን ይዛለች። ክላይቭ ትልቅ ካሊፐሩንና የክበቡን ሦስት ሰዎች ይዞ መጥቷል።

«ልለካው» አለ።

«ለካ። እጅህ ግን ንጹሕ ይሁን።»

ለካው። በዝግታ እያዞረ ሃያ ያህል ግድግዳ ለካ። መነጽሩን አውጥቶ መልሶ አደረገ። ከክበቡ ሰዎች አንዱ በትከሻው ላይ አጎንብሶ ቁጥሩን አየና በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ፤ ክላይቭ ግን ሲሊንደሩን መለሰላት።

ማቪስ ሲሊንደሩን ገጠመች፣ ሰባ ሁለቱን የድሮ መርፌዎች በየቦያቸው አስገባች፣ ግራጫ የሱፍ ክር አሰረችና እጀታውን ያዘች። የማሽኑ ድምፅ ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱን ሞላው፤ ጥድፊያ የሌለው፣ እንደ ብዙ ትናንሽ ጥርሶች የሚያንኳኳ። አሥር ዙር፣ ሃያ ዙር። ከሥር ጣት የሚያህል ሹራብ ብቅ አለ፤ ዝርግ፣ ወጥ፣ ሸርጣጣ ያልሆነ። ቴሪ በጥርሱ ትንሽ አፏጨ።

በሠላሳኛው ዙር ላይ አንዲት የክር ቀለበት ከመርፌዋ አመለጠች። ከዚያ በታች ሹራቡ ላይ እንደ መሰላል የሚወርድ ክፍት መሥመር ተሠራ፤ በሚቀጥለው ዙር ረዘመ፣ በሚቀጥለውም።

«ይኸውልሽ» አለ ክላይቭ፤ ድምፁ ውስጥ ግን ደስታ አልነበረም። «አንድ ቦይ ተጣሟል። ያሳዝናል ዳክዬዬ፣ ሌሎቹ ደህና ነበሩ።»

ሮዝሜሪ ወደ ገጣሚዎቹ ዘወር አለች። አንደኛው የፓዩን ፍርፋሪ ከሱሪው ላይ አራገፈና መስታወቱን ለማንሣት ጎንበስ አለ።

«አስቀምጠው» አለች ማቪስ።

«ወይዘሮ ኦርተን፣ የተስማማነው...»

«የተስማማነው ካልዞረ ነው። እየዞረ ነው። መስታወቱን አስቀምጠው አልኩ።»

ሰውየው አስቀመጠው። ማቪስ እጀታውን አቁማ መሰላሉ የጀመረበትን ቦይ ፈለገች። ክላይቭ ቦዩ ነው ይላል። ቦዩ ነው? መርፌዋ ናት? ክርክር አያስፈልገውም፤ ጠያቂው ማሽኑ ነው። የዚያችን ቦይ መርፌ ነቀለች። ከእሷ አምስት ቦይ ርቃ ደህና ስትሠራ የነበረችውን መርፌም ነቀለች። አቀያየረቻቸው፤ ያመለጠችውን ቀለበት በመንጠቆ አንሥታ መለሰችና እጀታውን እንደገና ያዘች።

«አሁን ተመልከቱ» አለች። «ጥፋቱ የቦዩ ከሆነ መሰላሉ እዚያው ቦታ ይቀጥላል። የመርፌዋ ከሆነ ከመርፌዋ ጋር ይሄዳል።»

አዞረች። ሁሉም፣ ገጣሚዎቹ ሳይቀሩ፣ ከሥር የሚወጣውን ሹራብ ለማየት አንገታቸውን አጎነበሱ። የድሮው መሰላል ቆመ፤ ከላዩ ሹራቡ ተዘጋ። አምስት ቦይ አለፍ ብሎ አዲስ መሰላል ተጀመረ።

«መርፌዋ ናት» አለ ክላይቭ ቀስ ብሎ።

«መርፌዋ ናት። መቶ ዓመቷ ነው፤ መንጠቆዋን የሚዘጋው ምላሷ ታጥፏል። ቦዬ ምንም አልሆነም።» የተጣመመችውን ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻትና ከቆርቆሮ ሣጥኑ ሌላ አወጣች።

ክላይቭ ካሊፐሩን በኪሱ አስገባ። «ክበቡ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የማሽኑን ጥገና በኃላፊነት ቢይዘው ጥሩ ነው፣ ሮዝሜሪ። ደንብ ያለው አካል...»

«ኃላፊው ማን ተብሎ ይጻፍ?» ስትል ሮዝሜሪ ጠየቀች፤ የጠየቀችው ግን ክላይቭን አልነበረም።

«ማቪስ ኦርተን ብለሽ ጻፊ» አለች ማቪስ እጀታውን ሳትለቅ። «ካቻቪቴውም በእኔ ሣጥን ውስጥ ይሆናል። ክላይቭ መማር ከፈለገ እሑድ ይምጣ፤ እኔ ከእጄ የማይወጣ መሣሪያ የለኝም።»

«መከፋፈያሽንም ታሳይኛለሽ?» አለ ክላይቭ። «ቴሪ የነገረኝን ያችን የአምስት ቀዳዳ... እንዴት አድርገሽ ነው ያቃናሻት?»

«ነገርኩህ እኮ፣ እሑድ።»

«አሁን ብትነግሪኝስ? በአጭሩ።»

ገጣሚዎቹ መስታወቱን በሁለት ጫፍ ይዘው ወደ መኪናቸው መልሰው እያወጡት፣ ወዴት እንደሚያደርሱት ሮዝሜሪን ይጠይቃሉ። ሮዝሜሪ መልስ እየሰጠች፣ ቴሪ ለአንዱ የክበብ ሰው ስለ ሰባቱ ሙከራዎች እሱ ራሱ የቆረጣቸው ይመስል እየተረከ፣ ክላይቭ ደግሞ አሁንም በአጭሩ እያለ ነው። ማቪስ ግማሾቹን መርፌዎች ከሥራ አንሥታ ማሽኑን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማመላለስ ጀመረች፤ በእያንዳንዱ ምልልስ አንዲት መርፌ ትቀንሳለች፣ ኋላ አንድ በአንድ ትመልሳለች።

«ሁላችሁም ዝም በሉ!» አለች። «የካልሲው ተረከዝ ላይ ነኝ፤ እየቆጠርኩ ነው።»